ወለልን ከሥሩ

«ጎማ ያለው ቤት ገዛሁ» ብዬ የነገርኳት ዕለት ባለቤቴ የሳቀችው ሳቅ የደስታ አልነበረም። «ስንት ዓመት ሙሉ ቤት እንግዛ ስልህ ‹ነገ ትተነው ለምንሄድ ምን ያደርግልናል› እያልክ አድክመኸኝ፣ ጭራሽ ቆሞ የማይጠብቅ ቤት ገዛህ?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። አንባቢ ሆይ፣ እንደኔው የተሰደድክ ከሆንክ ይህን ክርክር ከነዜማው ታውቀዋለህ። እኔ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ፣ የምሠራበት ጋዜጣ ተዘግቶ ባልደረቦቼ ሲታሰሩ፣ በናይሮቢ በኩል የወጣሁ ሰው ነኝ። ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ከገባሁ ጀምሮ የምኖረው በኪራይ ቤት ነው። የኪራይ ቤት ምንጣፍ ደግሞ ሁላችንም እንደምናውቀው ቡናማ ነው፤ የማን ሻይ እንደፈሰሰበት አይታወቅም። «ለጥቂት ጊዜ ነው» እያልኩ ሳላስለውጠው ልጆቼ ዳዴ አሉበት፣ ሮጡበት፣ አሁን በቁመት በልጠውኝ ይረግጡታል።

የገዛሁት አሜሪካኖቹ ትራቭል ትሬለር የሚሉትን ነው። በፒክአፕ መኪና የሚጎተት፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ያለው ቤት። እኔ በአገራችን የከባድ መኪና ሾፌሮች አጠራር ተሳቢ እለዋለሁ። ርዝመቱ 21 ጫማ፣ ወርዱ 8 ጫማ፣ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1998፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በአንድ የበቆሎ እርሻ ዳር ለዓመታት ቆሞ የከረመ፣ ዋጋው 4 ሺህ ዶላር። ምክንያቴ እናቴ ናት። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ቪዛ አግኝታ ለአምስት ወር ልትመጣ ሆነ። በስልክ «አገሩን አሳይሻለሁ፣ ሆቴል እያደርን እንዞራለን» ስላት፣ «ሆቴል ማለት እኮ የማላውቀው ሰው የተኛበት አልጋ ነው፤ እኔ ከቤትህ አልወጣም» አለችኝ። እንግዲያው ቤቱን ይዤላት ልወጣ ቆረጥኩ።

ተሳቢውን ስረከበው ወለሉ በዚያው በቡናማ ምንጣፍ የተሸፈነ ነበር። ዕጣ ፈንታ ይሉሃል ይኸው ነው። ምንጣፉን ገሽልጬ ጣልኩት። ከሥሩ ያለውን እንጨት ግን ላይ ላዩን ብቻ አየሁት። በስተኋላ፣ አልጋው አጠገብ፣ አንድ ጥግ ስረግጠው እንደ ትኩስ እንጀራ ለስለስ አለኝ፤ ጠቆርም ብሏል። «ይሸፈናል» አልኩ። ከግንባታ ዕቃ መደብር እንጨት መሳዩን የፕላስቲክ ጣውላ፣ ቀጭ ቀጭ እያለ እርስ በርሱ የሚቆላለፈውን ገዛሁና በሁለት ቅዳሜ አነጠፍኩት። መስከረም ላይ ነበር። አማረ። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። «ሊሾ ነው?» አለችኝ። ኮራሁ።

ጥር ገባ። የኦሃዮን ጥር የማያውቅ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። እሳት ያልነደደበት ተሳቢ ውስጥ ገብቼ ባይ፣ የተቆላለፉት ጣውላዎች እየሸሹ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ከፍተዋል። በግንቦት ደግሞ ፀሐይዋ ጣሪያውን ስትመታው ውስጡ ምድጃ ሆነ፤ የሸሸው ሁሉ ተመልሶ መጣና ቦታ ሲያጣ በሩ ላይ እንደ ግመል ሻኛ ተቆለመመ። ጥፋቱ የጣውላው አልነበረም። እንዲህ ያለው ወለል ከሥሩ ሳይጣበቅ እንዲሁ የሚንሳፈፍ ነው። ፕላስቲክ በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በዙሪያው ሩብ ኢንች ያህል መተንፈሻ ሊተውለት ይገባል። እኔ ግን እንዲያምር ብዬ ቁም ሣጥኖቹ ድረስ አስጠግቼ፣ የጠረጴዛውንም እግር በላዩ ላይ በብሎን ቀርቅሬ ከአራት አቅጣጫ አስሬው ነበር። መኖሪያ ቤት ውስጥ ቢሆን ይህ ስህተት ዓመታት ሊሸሸግ ይችላል። ተሳቢ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ውርጭም ምድጃም ሆኖ ያያልና ምንም አይሸሽግልህም።

የሚስቴ ወንድም ሰድብና ሴራሚክ ማንጠፍ ሥራው ነው። መጥቶ አየና፣ «ይሄን ቆሻሻ ተወው፣ እኔ ሴራሚክ ላንጥፍልህ፣ ሸራተን ነው የሚመስለው» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ክፍያም አይጠይቀኝም። ነገር ግን እያንዳንዱ ተሳቢ በሩ አካባቢ የሚሸከመውን የመጨረሻ ክብደት የሚናገር ወረቀት ተለጥፎበታል። ቁም ሣጥንና አልጋ ያልያዘው የእኔ ወለል 90 ካሬ ጫማ ያህል ነው። ሴራሚክ ከነሙጫው በካሬ ጫማ አምስት ፓውንድ ያህል ቢመዝን 450 ፓውንድ ሆነ ማለት ነው፤ የሦስት ትልልቅ ሰዎች ክብደት ሳይጋበዙ ተሳፈሩ። ደግሞም ሻንሲው መንገድ ላይ ይወዛወዛል፣ ይጠማዘዛል። ቤት አይጠማዘዝም። «አንድ ጉድጓድ ብትዘል መገጣጠሚያው ይተረተራል» ሲል ራሱ አማቼ፣ ግማሽ ቢራ ከጠጣ በኋላ፣ አመነ።

ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ሲቸግረው ሄዶ ይጠይቃል። በሰኔ መጀመሪያ አንድ የሥራ ቀን ፈቃድ ወስጄ ወደ ጃክሰን ሴንተር ነዳሁ። ከኮለምበስ በ33 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲወጡ፣ ከተማው አልቆ በቆሎና አኩሪ አተር ይጀምራል። ሜሪስቪልን፣ ከ1982 ጀምሮ የሆንዳ መኪና የሚገጣጠምባትን ከተማ ያልፋሉ። ቀጥሎ ቤልፎንቴን አለች። ከአጠገቧ ያለው ካምቤል ሂል የሚባለው ኮረብታ የኦሃዮ ጣሪያ ነው፤ ከፍታው 1,550 ጫማ። እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው ይህን ሰሌዳ አንብቦ ሳይስቅ ማለፍ ይከብደዋል። በቤልፎንቴን ግን ያላሳቀኝ ነገር አገኘሁ። በፍርድ ቤቱ ዙሪያ ያለው መንገድ በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮንክሪት መንገድ ነው፤ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1891 ነበር። ጆርጅ ባርቶሎሚው የሚባለው ሰው ይህን ሐሳብ ሲያመጣ የከተማው ሹማምንት አላመኑትም። እሱም ሲሚንቶውን በነፃ ሰጠ፤ ለአምስት ዓመት ሳይበላሽ እንደሚቆይም 5 ሺህ ዶላር ዋስትና አስያዘ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ኮርት አቬኑ ላይ ዛሬም ይረገጣል። ቆሜ በጫማዬ አፍንጫ መታ መታ አደረግኩት። የእኔ ወለል ዘጠኝ ወር አልሞላውም።

ጃክሰን ሴንተር ሁለት ሺህ ሕዝብ የማትሞላ የገጠር ከተማ ናት። ኤርስትሪም የሚባለው፣ እንደ አውሮፕላን ሆድ የሚያብረቀርቀው ባለአሉሚኒየም ተሳቢ ከ1952 ጀምሮ እዚህ ይሠራል። የእኔን ተሳቢ ከእሱ ጋር ማወዳደር በቅሎን ከንጉሥ ፈረስ ማወዳደር ነው፤ ቢሆንም ፋብሪካው ጎብኚ ያስገባልና ገባሁ። ሌላው ጎብኚ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያብለጨልጨውን ጣሪያ ሲያይ እኔ አቀርቅሬ ወለሉን አያለሁ። ሥራው ከሥር ይጀምራል። መጀመሪያ የብረት ሻንሲ፣ በላዩ የወለሉ ንጣፍ፣ ከዚያ የአሉሚኒየሙ ቅርፊት ከላይ ይደፋበታል። ቅርፊቱ ከተደፋ በኋላ ሶፋም ይሁን ቁም ሣጥን የሚገባው በዚያችው በጠባቧ በር ነው። ከዚህ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ኢንዲያና ውስጥ፣ የአሜሪካ ተሳቢ ቤት በብዛት የሚሠራበት ኤልክሃርት የሚባል አውራጃ አለ፤ በዚያም የተለመደው የወለሉን ልባስ አስቀድሞ አንጥፎ ቁም ሣጥኑንና ግድግዳውን በላዩ መትከል ነው። ለፋብሪካ ይፈጥናል። ከሃያ ዓመት በኋላ ልባሱን መለወጥ ለሚፈልግ ምስኪን ግን ግማሹ ቁም ሣጥን ሥር ተቀብሮ ይጠብቀዋል። ከሥር እየሳብክ አታወጣውም፤ ቁም ሣጥኑን እየዞርክ ትቆርጣለህ እንጂ። ይህን ሳውቅ ግማሽ ጭንቀቴ ቀለለኝ።

እዚያው በሙዚየማቸው ያገኘሁትን ሳልነግራችሁ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የኩባንያው መሥራች ዋሊ ባያም እ.ኤ.አ. በ1959 አርባ አንድ ተሳቢዎች አስከትሎ ከኬፕታውን ተነሳ፤ በ1960 ግብፅ ገባ። ከ12 ሺህ ማይል የበለጠ መንገድ ነው። እነዚያ ብር የመሰሉ ቤቶች በኬንያ በኩል ኢትዮጵያ ገብተው፣ በዚያን ጊዜው የደቡብ መንገድ አሳራቸውን አይተው አዲስ አበባ ደረሱ፤ ጃንሆይም ተቀበሏቸው። እኔ አገሬን ጥዬ የወጣሁባትን ድንበር እነዚህ ሰዎች አልጋቸውንና ምድጃቸውን እየጎተቱ፣ ለሽርሽር ገብተውባታል! ማታ ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ታስታውስ እንደሆን ስጠይቃት፣ «ጃንሆይ ስንት እንግዳ ይቀበሉ ነበር፤ የቱን ላስታውስልህ?» አለችኝ።

ተመልሼ መጣሁና ሁለት ቅዳሜ የፈጀብኝን ወለል በአንድ ከሰዓት ነቀልኩት። ከዚያ ባለቤቴን የስፌት ወስፌዋን ለመንኳት። እንጨት መበስበሱን የሚያውቅ መሣሪያ ይህ ነው፤ ባለሙያዎቹም የሚጠቀሙት የእሱኑ ወንድም ነው። በየስንዝሩ ወጋ ማድረግ ነው። ደህና እንጨት ወስፌውን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው እንደ ቂጣ ያስገባዋል። የኋላው ጥግ ሁለት ጫማ በአራት ጫማ ያህል ገባ። በሩ ሥር ደግሞ አንድ መሐረብ የምታህል። ቆርጬ ባነሳው፣ ከሥሩ ያለው የሙቀት መከላከያ ጥጥ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፤ አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች። እኔ በላዩ «ሊሾ» አንጥፌ ፎቶ ስልክ፣ ከሥሬ ይህ ሁሉ ኑሮ ነበር።

እዚህ ላይ ተሳቢ ለመግዛት የምታስቡ ወገኖቼ ጆሯችሁን ስጡኝ። ወለል ከላይ በመረገጥ አይሞትም። የሚገድለው ከጎንና ከጣሪያ የሚገባ ውኃ ነው። ልጄን በውኃ ጎማ መስኮቱን ከውጭ እንዲያጥበው አድርጌ እኔ ውስጥ በባትሪ አበራሁ፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ በኋላው መስኮት ጥግ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች፣ እያየኋት በግድግዳው ወርዳ ወለሉ ሥር ገባች። ስንት ዓመት እንዲህ ስትወርድ እንደኖረች እንጃ። መጀመሪያ መስኮቱ ወልቆ አዲስ ማሸጊያ ተደረገለት፣ የጣሪያውም ጠርዝ ተጠረገና ተሸፈነ። ከዚያ የበሰበሰው ደህናው እንጨት እስኪገኝ ተቆርጦ ወጣ፤ ሻንሲው ብረት ድረስ። በምትኩ ለውጭ ሥራ የሚሆን ፕላይውድ፣ አገር ቤት አናጢዎቻችን ኮምፔንሳቶ የሚሉትን፣ ውፍረቱን ከአሮጌው ጋር አስተካክዬ አስገባሁ፤ ጠርዙን በሙሉ ኢፖክሲ አጠጣሁት። እንጨት ውኃ የሚጠጣው በጠርዙ ነውና። በመገጣጠሚያው ሥር ደግሞ ድጋፍ ጣውላ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ስትረግጠው አንዱ ወገን ዝቅ ይላል፣ ልባሱንም ይቀደዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከ1980ዎቹ በፊት የተሠራ ተሳቢ ከሆነ አሮጌውን የፕላስቲክ ልባስ እንዳትፍቁት። የዚያ ዘመን የወለል ልባስና ሙጫ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ትንሽ ቁራጭ ላቦራቶሪ ልኮ ማስመርመር ይቀድማል። የእኔ የ1998 ስለሆነ ከዚህ ዳንኩ።

ሽታውንም አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የሚባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስንና አካባቢውን ካጠፋ በኋላ መንግሥት ቤት ላጡት ሰዎች ተሳቢ ቤቶች ሰጥቶ ነበር። ሰዎቹ ዓይናችን ተቃጠለ፣ ራሳችንን አመመን አሉ። የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል 519 ተሳቢዎችን መርምሮ በ2008 ባወጣው ውጤት፣ በአየሩ ውስጥ የተገኘው ፎርማልዴሃይድ በአማካይ ከቢሊዮን 77 እጅ ነበር፤ ከተለመደው ቤት እጅግ የበለጠ። የሚወጣው ከተጨመቀ እንጨት ሙጫ ነው። ተሳቢ ትንሽ ነው፣ ድፍን ነው፤ ያነጠፍከውን ትተነፍሰዋለህ። ስለዚህ ፕላይውዱን ስመርጥ የሙጫውን ዓይነት አስነበብኩ፣ ከተገጠመም በኋላ መስኮት ከፍቼ ሁለት ሳምንት አናፈስኩት። እናቴ በሐምሌ ትመጣለች፤ ቀኑ እየሮጠ ነው፣ ባለቤቴም «ሳታልቅ ትመጣብሃለች» ትለኛለች።

ምን ይነጠፍ? ምንጣፍ ይሞቃል፣ ግን እርጥበትና አቧራ ያቁራል፤ በቃኝ። የሚቆላለፈው ጣውላ በደንብ ቢነጠፍ ይሆን ነበር፤ እኔ ግን ተቀይሜዋለሁ። ልቤን የሰረቀው ሊኖሊየም ነበር። ሊኖሊየም ከምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ከተልባ! ፍሬድሪክ ዋልተን የሚባል እንግሊዛዊ፣ የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው እንደ ጎማ የሚለጠጥ ቆዳ እንደሚያበጅ አይቶ ነው የፈለሰፈው፤ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1860 ነው። የተልባው ዘይት ከቡሽ ዱቄትና ከእንጨት ብናኝ ጋር ተለውሶ በጆንያ ጨርቅ ላይ ይዳመጣል። በጾም ተልባ እየጠጣን ያደግን ሰዎች ፈረንጅ ይህንኑ እንደሚራመድበት ማን ነግሮን! ነገር ግን የጆንያው ጀርባ እርጥበት አይወድም፤ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል፤ ዋጋውም ወገብ ይቆርጣል። በኀዘን ተሰናበትኩት።

ከዚህ ሁሉ ምርምር በኋላ የደረስኩበት አሜሪካኖቹ ሺት ቫይኒል የሚሉት ነገር ነው። እኔና እናንተ መርካቶ በጥቅል ሲሸጥ የምናውቀው የፕላስቲክ ምንጣፍ ማለት ነው። ሕንድ አገር ፑኔ ድረስ ሄጄ ዲግሪ ይዤ፣ ሦስት ወር አጥንቼ፣ እናቴ ጓዳዋ ውስጥ ያነጠፈችው ላይ ደረስኩ! ምክንያቱ ግን ቀላልና ጠንካራ ነው። ጥቅሉ 12 ጫማ ወርድ አለው፤ ተሳቢዬ 8 ጫማ። ስለዚህ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በአንድ ወጥ፣ ያለ አንዲት መገጣጠሚያ ይነጠፋል፤ ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ክብደቱም ከሴራሚኩ ጋር አይነጻጸርም፤ እኔና ልጄ በትከሻችን አገባነው። አንድ ነገር ግን መለየት ያሻል። ጀርባው የወረቀት ስሜት ያለው ዓይነት በሙሉ ካልተጣበቀ ጠርዙ ይጠቀለላል፤ ጀርባው የመስታወት ክር ያለበት ግን ሳይጣበቅም በራሱ ይተኛል፣ ከብርድና ከሙቀትም ጋር ይስማማል። ሁለተኛውን ያዝኩ። ናሙናዎቹን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ዘርግቼ ሳሙና ባለበት ውኃ አረጠብኳቸውና በካልሲ ተራመድኩባቸው። ሁለቱ አንሸራተው ሊጥሉኝ ነበር። ሦስተኛው፣ ፊቱ ሸካራ ያለው፣ ያዘኝ። የእናቴ ጉልበት እዚያ ላይ ወሰነ። ቀለሙን ባለቤቴ መረጠች፤ አመድማ፣ ነጠብጣብ ያለበት። «ነጭ ጭቃ ያሳያል፣ ጥቁር አቧራ ያሳያል፣ ይሄ የሁሉንም ገመና ይሸፍናል» አለች።

መቁረጡ ነው ጭንቁ። ወጥ ልባስ አንዴ ከተሳሳተ አይቀጠልም። በጎማዎቹ ላይ ያበጡት ሣጥኖች፣ የማሞቂያው አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች፣ የመጸዳጃው ክብ ግርጌ… ይህን ሁሉ መጀመሪያ በወረቀት መለካት ያሻል። ወረቀት ስፈልግ ምድር ቤት የተከመሩት የዚህ ጋዜጣ የቆዩ እትሞች ታዩኝ። አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝ። አገር ቤት ጋዜጣችን ታትሞ በሳምንቱ ድሆች ግድግዳቸው ላይ ሲለጥፉት እናይ ነበር፤ በጊዜው ባንወደውም ከምናገኘው አንባቢ ሁሉ የሚታመነው ግድግዳ ላይ የሚያነበው ነበር። አሁን እኔ ወለል ላይ ዘረጋሁት። በፕላስተር እያገጣጠምን፣ በየጥጉ እያጠፍን፣ ከበር እስከ አልጋ ሥር አንድ ትልቅ የጋዜጣ አንሶላ ሠራን።

ባለቤቴ ተንበርክካ መጸዳጃው አጠገብ ያለውን ስታስተካክል ድንገት ቆመች። «ይሄ ያንተ ነው» አለች። በ2008 የጻፍኩት ነበር። ጮክ ብላ አነበበችው። በሚቀጥለው ዓመት መስቀልን አገራችን እንደምናከብር፣ ዕቃ ማብዛት እንደማያስፈልግ፣ ሻንጣችን ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ እያልኩ ወገንን እመክራለሁ። ከታች ፎቶዬ አለ፤ ፀጉር አለኝ። ልጄ «ዳዲ፣ እኔ ያኔ ተወልጄ ነበር?» አለ። አልተወለደም። ማንም ምንም አልተናገረም። ባለቤቴ መቀሱን አነሳችና በመጸዳጃው ክብ መስመር ዙሪያ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣ ጽሑፌን መሐል ለመሐል ቆረጠችው። ልክ ነበር፤ በመጨረሻም ከልባሱ ሁሉ ያለ እርማት የገጠመው እሱ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርሰው። ልባሱን ቀጥ እንዲልና እንዲለሰልስ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ማቆየት። የጋዜጣውን ንድፍ ከላይ በፊቱ በኩል አድርጎ መሣል፤ ገልብጠው ከሣሉት ቀኝና ግራው ይለዋወጣል፣ እኔ ልሳሳት ስል አማቼ አድኖኛል። ሦስት ኢንች ትርፍ ትቶ መቁረጥ፣ ከገባ በኋላ በከተር ጥግ ጥጉን መከርከም። መጸዳጃውን አስቀድሞ ማንሳት ይገባል፤ የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች ብቻ ናቸው፣ ሲመለስ ግን የጎማ ማሸጊያው አዲስ ይሁን። ለበሩ ባለሁለት ፊት ፕላስተርና በላዩ የአሉሚኒየም ቅጥልጥል። የአየሩን መዳመጫ የሊጥ መዳመጫ አደረግነው፤ ይህ ጉዳይ በቤታችን ገና አልተዘጋም። ዞኮሎው የተመታው ቁም ሣጥኑ ላይ ነው እንጂ ወለሉ ላይ አይደለም፤ ልባሱ በሥሩ እንደፈቀደው ይሽሽ፣ ይመለስ። ካለፈው ዓመት የተማርኩት ይህን ነው።

እናቴ በሐምሌ ገባች። በሳምንቱ በዚያው በ33 ቁጥር መንገድ ይዣት ወጣሁ፤ ከቤልፎንቴን አልፎ ወዳለው ወደ ኢንዲያን ሌክ። ሐይቁ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ለማያሚና ኢሪ የመርከብ ቦይ ውኃ እንዲያጠራቅም በግድብ የሰፋ ነው። ዳሩ ለተሳቢ ማቆሚያ የተመቸ ነው። መንገድ ላይ በመጋቢት 2024 የወደቁ ዛፎችና ባዶ የቀሩ መሠረቶች ታያለህ፤ በዚያ ምሽት የመጣው አውሎ ነፋስ በዚህ አካባቢ ሦስት ሰው ገድሏል፣ ብዙ ተሳቢ ቤቶችንም አድቅቋል። ለእናቴ አልነገርኳትም። የአየር ማስጠንቀቂያ ሬዲዮ ግን ገዝቼ ኪሴ ይዤ ነበር።

ደረጃውን በእኔ ትከሻ ተደግፋ ወጣች። በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ባዶ እግሯን አሳረፈች፣ ጫን አለችው፣ ሌላውንም አስከተለች። ከዚያ የእኔንና የባለቤቴን ልፋት አድንቃ ትቀመጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ በዱላዋ ጫፍ ኳ ኳ ኳ እያደረገች እስከ አልጋው ድረስ ሄደች። የኋላው ጥግ ላይ ደረሰችና ሁለቴ መታችው። «ከሥሩስ?» አለችኝ።

ነገርኳት። መስኮቱን፣ ወስፌውን፣ አይጧን፣ ኮምፔንሳቶውን። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች ሰማችኝ። «እኛ እኮ በየቅዳሜው ነበር እበት የምንለቀልቀው» አለች። «እናቴ ስንጥቅ ካየች በውኃ አርሳ፣ በእጇ አሽታ፣ ደፍና ነው የምትለቀልቀው። ስንጥቅ ላይ የለቀለቀች ሴት ትሰደብ ነበር።» ባለፈው ዓመት የላክሁላትን ፎቶ አስታውሳ ይሁን ሳታስታውስ አላወቅሁም፤ አልጠየቅኋትምም።

ቡና ልታፈላ ከሰል ውስጥ ላግባ አለች። ይህን እንኳ በፍጹም አልኩ፤ በተሳቢ ውስጥ የከሰል ጭስ ሳያሸት ሳይታይ ይገድላል። ከጎን በሚዘረጋው የሸራ ጥላ ሥር ረከቦቷን ዘረጋንላት። ቄጤማው ግን ውስጥ ካልሆነ አልሆነም። ከመናፈሻው ሣር ማጨድ ክልክል ስለሆነ ከኮለምበስ፣ ከወዳጃችን ጓሮ አጭደን፣ በውኃ ነክረን በፕላስቲክ ከረጢት ይዘነው ነበር። እርጥቡን እንደያዘች ከበር እስከ አልጋ በተነችው። አምና ቢሆን ከእጇ እነጥቃት ነበር። አሁን ቆሜ አየኋት። በሦስተኛው ጀበና አጠገባችን ተሳቢ ያቆሙ ሽማግሌ ባልና ሚስት በሽታው ተስበው መጡ፤ እናቴ በአማርኛ ተቀመጡ አለቻቸው፣ ተቀመጡ።

ሌሊቱን ዝናብ መጣ። የአሉሚኒየም ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ቆርቆሮ ቤት ላደገ ሰው እንቅልፍ ነው፤ እናቴ ወዲያው አንኮራፋች። እኔ ግን ሬዲዮዬን ጆሮዬ ሥር አድርጌ ነቅቼ ቆየሁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ጋብ ሲል፣ መብራት ሳላበራ ተነስቼ በጉልበቴ ቄጤማውን እየገለጥኩ እስከ ኋላው መስኮት ዳኸሁ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ ጥጉን፣ ከዚያ ዞኮሎውን ሥር በመዳፌ ዳበስኩት።

«ምን ጠፍቶህ ነው?» አለችኝ እናቴ ከጨለማው ውስጥ።

«ምንም» አልኳት። እጄ ደረቅ ነበር።